ዘጠነኛው ረድፍ

አባቴ ሴራሚክ አንጣፊ ነው። ለአንዲት ሚሊ ሜትር ከቤቱ ባለቤት ጋር ስለሚጨቃጨቅ ሠፈሩ «ሚሊ» ይለዋል። እኔም ስናደድበት እለዋለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ድራም መቺ ነበር። «ቆርቆሮ መደብደብ ደግሞ ሥራ ነው?» እያለ አባቴ ለዓመታት አኩርፎት ኖሯል። ያስታረቃቸው ባለካሬ ወረቀት ነው። ወንድሜ በአንድ ረድፍ አሥራ ስድስት ካሬ ይይዝና የመጀመሪያውን ረድፍ እንደፈለገ ያጠቁራል፤ ጥቁሩ ምት፣ ነጩ ዝምታ። ከዚያ በታች ግን ደስ እንዳለህ ማጥቆር የለም። ለእያንዳንዱ ካሬ ከላይ ባለው ረድፍ የግራና የቀኝ ጎረቤቱን ታያለህ፤ አንዱ ብቻ ጥቁር ከሆነ ታጠቁረዋለህ፣ ሁለቱ ከተመሳሰሉ ትተወዋለህ። የረድፉ መጀመሪያና መጨረሻ ካሬዎችም እርስ በርስ እንደ ጎረቤት ይቆጠራሉ። «አባዬ፣ ያው ያንተው ንጣፍ እኮ ነው» አለው። አባቴ መነጽሩን አደረገ። ከዚያ ወዲያ እሱ ሲያጠቁር፣ ወንድሜ ጠረጴዛውን ሲመታ፣ እራቱ ይቀዘቅዝ ነበር።

ወንድሜን የሳንባ ምች በአራት ቀን ወሰደብን። አምስት ረድፍ የተሞላበት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

አባቴ ከሥራ በፊት በቀን አንድ ረድፍ ብቻ ይሞላ ጀመር። «እሱም ቢኖር ይችኑ ነበር የሚጽፈው፤ አንዲት ካሬ እንኳ አትለይም» ይለኛል። የዕለቱን ረድፍ በጣቱ መትቶ ነው ቁርስ የሚቀምሰው። ስምንተኛው ረድፍ አንድ ጥቁር፣ አንድ ነጭ ሆኖ ሲወጣ «አየሽ፣ እንደ ሰው ይራመዳል!» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን መጨረሻውን አውቅ ነበር። ወንድሜ ነግሮኝ ነበር፦ «በአሥራ ስድስት ካሬ በየትኛውም ምት ብትጀምሪ፣ ዘጠነኛው ላይ ዝም ይላል።» ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። ፈሪ ነኝ።

በማግስቱ ረድፉ በሙሉ ነጭ ሆነ። አባቴ የተሳሳተ መስሎት፣ ማስመሪያ ይዞ ከላይ ጀምሮ አራት ጊዜ ፈተሸ። አንድም ስህተት የለም። ሚሊ ስህተት ሲመኝ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አዲስ ወረቀት አመጣሁለት። «አባዬ፣ የመጀመሪያውን አንተ ጻፈው፤ እንደገና ይቀጥላል።»

እርሳሱን አንስቶ ወደ መጀመሪያው ካሬ አስጠጋ።

«የመጀመሪያውንማ እሱ ነበር ከልቡ የሚያወጣው» አለኝ። «እኔ ከላይ ማንን አይቼ ልሙላው፣ ልጄ?»

እርሳሱን አስቀመጠ። ያን ቀን ሥራ አልሄደም።