ለሞተሮቻችን የጻፍነው መጽሐፍ

ባለቤቴ ሞተሩን በጆሮው ነበር የሚያውቀው። ወፍጮ ቤታችን ውስጥ እህል ሲፈጭ ሰው ከሰው ጋር ለመነጋገር ይጮሃል፤ እሱ ግን በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል ድንገት ቀና ብሎ «ዛሬ ናፍጣው አልተስማማውም» ይላል። ከፍቶ ሲያየው እውነትም ማጣሪያው ቆሽሾ ይገኛል። እንዴት እንዳወቀ ስጠይቀው ይስቅና «አንቺ የልጆችሽን ሳል አትለዪም?» ይለኛል።

ጂንካ የመጣነው መንግሥት በተለወጠ ማግስት ከጋሞ ደጋ ነው። እሱ በአናጢነት፣ እኔ በልብስ ስፌት ጥቂት ዓመታት ሠርተን ወፍጮውን ገዛን። ሞተሩ በአይሱዙ ተጭኖ ሲመጣ አውሮፕላን ሜዳው ዳር አወረዱት። ያኔ ሜዳው ከተማው መሃል ሣር ለብሶ የተዘረጋ ነበር፤ አውሮፕላን በማይመጣበት ቀን ከብት ይግጥበታል። የቤተ ክርስቲያናችን ወንድሞች ተሰብስበው በግንድ እያንከባለሉ ቤታችን አደረሱት። አብራው አንዲት ቀጭን መጽሐፍ መጥታ ነበር፣ በማናውቀው ፊደል የተጻፈች። ባለቤቴ ሥዕሎቿን ለሳምንት ያህል ሲያገላብጥ ከረመና ጣሪያው ሥር ሰካት፤ ከዚያ ወዲያ አላወረዳትም።

እነዚያ ዓመታት ዛሬም ይናፍቁኛል። ጠዋት በሩን ስከፍት ከአሪ መንደሮች በቆሎና ማሽላ ተሸክመው የመጡ ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው ይጠብቁኛል። እሱ በጋዝ በራሰ ጨርቅ እጁን እየጠረገ በአሪኛ ይቀልድባቸዋል፤ ቋንቋውን ከእኔ ቀድሞ ነው የለመደው። ማታ ማታ ሁለታችንም ቅንድባችን በዱቄት ነጭቶ እንተያይና እንሳሳቃለን። «አብረን አረጀን» ይለኛል። አብረን ግን አላረጀንም። ታመመ፣ ሆስፒታል ተመላለስን፣ አልሆነም።

ለቅሶ ሊደርሱን ከመጡት አንዱ ካንጋተን የሚኖር ወዳጁ ነበር። ጡረታ የወጣ ሹፌር ነው፤ በኦሞ ዳር ማሳው ላይ ከእኛው ጋር አንድ ዓይነት በሆነ ሞተር ውሃ ይስባል። አንደበቱ ሻካራ ነው፣ ልቡ ግን እንደዚያ አይደለም። «የሚያውቀውን ሁሉ ይዞት ሄደ እኮ» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንቺስ እህቴ፣ ምን ታውቂያለሽ?» አለኝ። ምንም አላውቅም አልኩት። በማግስቱ ግን ወፍጮውን ራሴ አስነሳሁት። ለካ ሳላስበው ስሰማ፣ ሳላስበው ሳይ ነው የኖርኩት።

ስልኩ ሁሉ ባለ ካሜራ ከሆነ በኋላ ይኸው ሰው በቴሌግራም አንድ ቡድን ከፈተና አስገባኝ። የቀይ አፈር ባለወፍጮዎች፣ የአሪ መንደር ባለወፍጮዎች፣ ዱስና ኮልቾ በሚባሉ የኦሞ ዳር መንደሮች የውሃ ፓምፕ ያላቸው ሰዎች ነበሩበት። ሁላችንም ያንኑ ሞተር ነው የያዝነው፤ እዚህ እህል ይፈጫል፣ እዚያ ውሃ ይስባል። መጀመሪያ ላይ ቡድኑ የጭንቅ ጥሪ ብቻ ነበር። «አልነሳ አለኝ»፣ «ዘይት ይተፋል»፣ «ጥቁር ጭስ አወጣ»። ያው ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣል። አንድ ቀን የካንጋተኑ ሰው ተማርሮ በድምፅ መልእክት፣ «እኔ ሬዲዮ አይደለሁም! የምታውቁትን አምጡና አንድ መጽሐፍ እንጻፍ። በአማርኛ፣ ሁላችን በሚገባን። የጂንካዋ እህታችን ትጻፈው፤ እሷ ትዕግሥት አላት» አለ።

እንደዚያ ተጀመረ። እነሱ በድምፅ ይልኩልኛል፣ እኔ በደብተር በጥሩ አጻጻፍ ገልብጬ ፎቶ አንስቼ እለጥፋለሁ። በመጀመሪያው ወር የተጣላነው በስም ነበር። ከሞተሩ ወደ ወፍጮው ኃይል የሚያደርሰውን ረጅም ጎማ አንዱ ቺንጋ ይለዋል፣ አንዱ ቀበቶ፣ ሌላው ገመድ በሚለው የአሪኛ ቃል ይጠራዋል። «ትክክለኛው የቱ ነው?» እየተባለ ሦስት ቀን ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ፎቶውን ለጥፌ ሁሉንም ስሞች ከሥሩ ጻፍኩና ዝም አሰኘኋቸው።

እኔ የራሴን ድርሻ ስጽፍ የምጽፈው የባለቤቴን ቃል ነበር። ዘይት ስለመቀየር፣ ክረምት ላይ ስለማስነሳት፣ ናፍጣ ስለማጥለል እሱ ያለኝ ሁሉ እየመጣ እጄ ላይ ይቀመጥ ነበር። ከሞተ በኋላ እንደዚያን ጊዜ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሞተሩን ስለሚያቀዘቅዘው ውሃ በጻፍኩት ገጽ ላይ፣ «ጠዋት ከማስነሳታችሁ በፊት የውሃውን ቤት እስከ አፉ ሙሉ» አልኩ። እኔ የማደርገው ያንኑ ነበርና።

የኮልቾው ልጅ ቡድኑ ውስጥ ከሁሉም አዲስ ነበር። ልጅ የምለው ከእኔ ስለሚያንስ ነው እንጂ ባለትዳር ነው። ድሮ ቱሪስት ያስጎበኝ ነበር፤ ኋላ ከወንድሞቹ ጋር ፓምፕ ገዝተው ወንዙ ዳር በቆሎ ዘሩ። ኔትወርክ የሚያገኘው ለገበያ ወደ ዲመካ ከተማ ሲወጣ ብቻ ስለሆነ መልእክቱ ሁልጊዜ ተጠራቅሞ ነው የሚደርሰን። አንድ የገበያ ቀን ድምፁ መጣ።

«ማዘር፣ መጽሐፉ ጠዋት ውሃ ሙላ ይላል። እኔ ጠዋት ሞላሁ። ቀትር ላይ ድምፁ ከበደ፣ ሞተር ቆመ። አሁን በእጅ ስናዞረው እምቢ አለ። በቆሎ ደግሞ ውሃ ይፈልጋል። እኔ ምን አጠፋሁ?»

ወዲያው ሰው ሁሉ ወረደበት። «ሳታነብ ነው»፣ «ሳታስተውል ነው» ይሉታል። እኔ ስልኬን ይዤ ወፍጮ ቤት ገባሁ። የእኔ ሞተር ጠዋት አንዴ ተሞልቶ ቀኑን ሙሉ ይሠራል፣ የእሱ ለምን ቀትር ላይ ደረቀ? ዓይኔ ከሞተሩ ጎን ያለው በርሜል ላይ አረፈ። ባለቤቴ ገና በመጀመሪያው ዓመት አቁሞ፣ በቱቦ ከሞተሩ ጋር ያገናኘው በርሜል ነው። ውሃው ሲያንስ ከዚያ እየወረደ ይተካል። እንደ ግድግዳው፣ እንደ ምሰሶው ሁልጊዜ እዚያው ስለሆነ የሞተሩ አካል መሆኑን ረስቼዋለሁ። ስጽፍም ትዝ አላለኝም። ያ ሰው ደግሞ በርሜል የለው፣ በዚያ ላይ የቆላው ፀሐይ አለ። ኦሞን ያህል ወንዝ አጠገብ ቆሞ፣ ለማሳው ውሃ ሲያጠጣ የዋለ ሞተር ራሱ ውሃ አጥቶ ተቃጠለ።

እውነት ለመናገር፣ ዝም ለማለት አስቤ ነበር። ማንም በርሜሉን አያውቀውም፤ ጥፋቱንም እሱ ላይ ጥለውት ነበር። ግን አልቻልኩም፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው። ጎደሎ ነገር ነው የጻፍኩት» ብዬ የበርሜሉን ፎቶ ለጠፍኩ። መጀመሪያ የተናገረው የካንጋተኑ ሰው ነው። «ፒስተንና ሲሊንደር ከጂንካ ይዘሽ ውረጂ። እኔ ከዚህ እመጣለሁ።»

ያን ሁሉ ዓመት ደቡብ ኦሞ ኖሬ ኮልቾን አላውቀውም ነበር። ብረቱን በጆንያ ጠቅልዬ በአይሱዙ ዲመካ ደረስኩ፤ ልጁ እዚያ ተቀበለኝ። መንደሩ ገደሉ አናት ላይ ነው፤ ከታች ወንዙ ይጠማዘዛል። ማሳው ስንደርስ ከፍ ባለው በኩል ያለው በቆሎ ቅጠሉ ተጠቅልሎ ነጥቷል። ሚስቱ ውሃ በቅል አምጥታ ሰጠችኝ። አፍሬ ቀና ሳልል ተቀበልኳት።

«በጣም ይቅርታ» አልኩት።

«ማዘር፣ እኔ ተናድጄ ነበር» አለኝ ፊት ለፊት። «ስልክ ላይ ስድብ ልጽፍ ነበር። ግን ኔትወርክ የለም።» ከዚያ ራሱ ሳቀ፣ ሚስቱም ሳቀች፣ እኔም በእንባ መሃል ሳቅኩ።

የካንጋተኑ ሰው በማግስቱ ደረሰ። ሁለት ቀን ግራር ሥር ሞተሩን ፈታነው፣ ገጠምነው። እሱ ዓይኑ ደክሟል፣ በዳሰሳ ነው የሚሠራው። ሲነሳ ሁሉም እልል አለ፤ እኔ ግን አንድ ነገር ቅር አለኝ።

«ቆይ፣ አጥፉት» አልኩ። «ቫልቩ ላልቷል። ያንኳኳል።»

የካንጋተኑ ሰው ከፍቶ ዳሰሰውና ቀና ብሎ አየኝ። «ላልቷል» አለ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «እሱ የመጣ መሰለኝ» አለኝ። ወደ ወንዙ ዞሬ ቆምኩ።

ከበቆሎው ዝቅተኛው ማሳ ተረፈ፣ ከፍተኛው ደረቀ። ያን ልመልስለት አልቻልኩም። የውሃውን ገጽ ግን እዚያው ተቀምጠን አዲስ ጻፍነው፤ ለደጋው ለብቻ፣ ለቆላው ለብቻ። አንድ ደንብም አወጣን። ማንኛውም ገጽ ከመለጠፉ በፊት ነገሩን የማያውቅ ሰው እያነበበ ይሠራዋል። ሲደናቀፍ ገጹ ይስተካከላል እንጂ ሰውየው አይሰደብም። የመጀመሪያው ፈታኝ የኮልቾው ልጅ ሆነ። ምንም አያሳልፍም ነበር። «‹ትንሽ አጥብቅ› ማለት ስንት ነው? የማን ትንሽ?» እያለ አማረረኝ።

መጽሐፉ እንደዚያ እየወፈረ ሄደ። ኋላ ጂንካ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተምነው፤ በላስቲክ ተለብጦ ስልክ ወደሌላቸው ባለወፍጮዎችም ደረሰ። አንዳንዱ ቅጂ ዘይት ጠጥቶ ፊደሉ አይነበብም፤ እንደዚያ ሆኖ ሳየው ደስ ይለኛል።

አሁን ወፍጮዬ በመብራት ነው የሚሠራው። አውሮፕላን ማረፊያውም ከመሃል ከተማ ወጥቷል። የካንጋተኑ ወዳጃችን አርፏል። ቡድኑ ውስጥ ከብልሽት ይልቅ የበዓል ሰላምታና የለቅሶ ወሬ ይበዛል። በቅርቡ ግን የኮልቾው ልጅ ጻፈልኝ። ወንዙ ዳር በፀሐይ የሚሠራ ፓምፕ መጥቷል።

«ማዘር፣ ለዚህም ገጽ እንክፈት?»

«ክፈት እንጂ» አልኩት። «ግን እኔ አላውቀውም። አንተ ጻፍ፣ እኔ አንብቤ እጠይቅሃለሁ።»

ትናንት የመጀመሪያውን ገጽ ላከ። መነጽሬን አድርጌ ሁለት ጊዜ አነበብኩትና አራት ጥያቄ መልሼ ላክሁለት። ገና ዲመካ አልወጣም መሰለኝ፣ መልሱ አልመጣም።