ጭጋግ አረንጓዴ

አባቴ መኪናችንን አረንጓዴ ናት የሚል ሰው ሲሰማ ዝም አይልም። "ጭጋግ አረንጓዴ ናት" ብሎ ያርማል። ፋብሪካው ያወጣላት ስም ነው። ለብዙ ዓመት በሹፌርነት ያገለገላቸው የውጭ ዲፕሎማት አገራቸው ሲገቡ ይህችን የድሮ የጀርመን መኪና ሰጡት፤ የቀለሟንም ስም ተርጉመው አስጠኑት። እውነትም እንደ ሰዓቱ ትለዋወጥ ነበር፤ ጠዋት አመድማ፣ ቀትር ላይ አረንጓዴ፣ ሲመሽ ደግሞ ወደ ሰማያዊ ታደላ ነበር።

ሊብሬዋን በስሙ ሊያዛውር የሄደው በክረምት ነው። ጸሐፊው በመስኮት አጮልቆ አያትና "ግራጫ" ብሎ ጻፈ። አባቴ ቢከራከር፣ "ጋሼ፣ ጭጋግ የሚባል ቀለም እኛ ጋ የለም" አለው። በወረቀት ግራጫ፣ በዓይን አረንጓዴ የሆነች መኪና ይዘን ስንት ዓመት ኖርን፤ ማንም አልጠየቀንም።

የአባቴ ዓይን ጨርሶ ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆነው። በዚያው ሰሞን እሱ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ለዓመታዊ ምርመራ ወሰድኳት። መርማሪው ሊብሬውን አየ፣ መኪናዋን አየ፣ ቦሎውን ከለከለኝ። ወይ ባለቤቱ ራሱ ቀርቦ ሊብሬውን ያሳርም፣ ወይ መኪናዋ ግራጫ ትሁን አለኝ። አባቴ ከአልጋ አይነሳም። ወር በገባ በአሥራ ዘጠኝ ብስራተ ገብርኤልን የሚሳለመው ደግሞ በእሷ ነው፤ ከዚያ ሌላ የሚናፍቀው ነገር የለውም። ለቡ ያለ ጋራዥ ወስጄ ግራጫ አስቀባኋት። አያያት፣ ምን ይጎዳዋል ብዬ ነው። ሞኝ ነበርኩ።

ከሆስፒታል እንደወጣ በየቀኑ ግቢ ወርዶ እጁን ኮፈኗ ላይ ያሳርፋል፤ "አሁን ምን ትመስላለች?" ይለኛል። ጠዋት ይጠይቃል፣ ቀትር ላይ ይጠይቃል፣ ሲመሽ ይጠይቃል። እኔም በዓለም ላይ የሌለ ቀለም እነግረዋለሁ። ጎረቤቱን አንድ በአንድ እንዳይነግሩብኝ ለመንኩ። ዘመድ ሲመጣ በር ላይ ሮጬ እቀድማለሁ። የአክስቴ ልጅ ለሠርጓ ብትጠራኝ ቀረሁ፤ እኔ ከሌለሁ ማን ይመልስለታል? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔ እያደር ይደፈርሳል። መታፈን ማለት ይኸው ነው፤ ራሴን ያፈንኩትም እኔው ነኝ።

ባለፈው ወር በአሥራ ዘጠኝ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንድ የድሮ ሹፌር ጓደኛው አየን።

"አንተ፣ መኪናህን ግራጫ አለበስካት እንዴ?" አለው።

አባቴ ሳቀ። "ደመና ሲሆን እንዲያ ናት። የሊብሬው ጸሐፊም እንዲሁ ነበር የተሳሳተው።"

ሰውዬው ቀና ብሎ ሰማዩን አየ፣ እኔን አየ። ሰማዩ ላይ አንድ ቁራጭ ደመና አልነበረም።

መኪና ውስጥ ገብተን ትንሽ እንደሄድን፣ "ልጄ፣ ደመና ነው?" አለኝ።

"አዎ አባዬ።"

ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ እጁ ላይ አርፋለች። ቀስ ብሎ ገለበጠውና መዳፉን አሞቀ።

"ቀለሟን ነክተሻል?"

"አባቴ ይሙት አልነካሁም።"

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። እኛ የአዲስ አበባ ልጆች ለሽንኩርት ዋጋም አባቴ ይሙት እንላለን። አሁን ግን የሚሞተው አባቴ አጠገቤ ቀበቶውን አስሮ ተቀምጧል፤ መሐላውም የሐሰት ነው። ልናገር ልናገር እያልኩ መካኒሳ አቦን አለፍን።

በራችን ላይ ሞተሩን ሳጠፋ፣ "እሺ" አለ። የበሩን መክፈቻ በዳበሳ ፈለገ። "ግን ሁለተኛ በእኔ አትማይ። ገና መኖር እፈልጋለሁ።"

ያን ሌሊት አልተኛሁም፤ በሩ ላይ ቆሜ ትንፋሹን ሳዳምጥ ነጋ።

በማግስቱ ቀትር ላይ እንደ ወትሮው ግቢ ወረደ። እጁን ኮፈኗ ላይ አሳረፈ።

"አሁን ምን ትመስላለች?"

"ጭጋግ አረንጓዴ" አልኩት። አልማልኩም፤ እሱም ማይ አላለኝም።