አባቴ የተከለው ጤና አዳም

እናቴ ጤና አዳሙን ስታናግር ጎረቤት ቢሰማት ግድ የላትም። ቤታችን ጉርድ ሾላ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ተክሉ ያለው በረንዳው ላይ፣ አሮጌ የቀለም ባልዲ ውስጥ ነው። አባቴ የተከለው ሊሞት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነበር። እናቴ ታዲያ የእሱ እስትንፋስ ገብቶበታል ትላለች። ጠዋት «እንዴት አደርክ» ሳትለው ቁርስ አትቀምስም። ከመሸ በኋላ ቅጠሉን መቀንጠስ ክልክል ነው፤ ተኝቷል።

እኔ ቦሌ አንድ ክሊኒክ ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። «እማዬ፣ ሴል ነው እኮ። ውሃና ብርሃን ይበቃዋል» ብያት ለሥራ እየሮጥኩ እወጣ ነበር።

ባለፈው ክረምት መቀሌ እህቷ ዘንድ ለሁለት ወር ስትሄድ አደራውን ለእኔ ሰጠችኝ። በሦስተኛው ሳምንት ገደልኩት። ረስቼው አይደለም፤ እንዳይሞትብኝ ፈርቼ ጠዋት ማታ ውሃ ሳጠጣው ሥሩ በሰበሰ። እናቴን ሁለተኛ ሐዘን ላስቀምጣት ነው ብዬ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለሴል።

በማግስቱ ቦሌ ሩዋንዳ ሰፈር መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጡት ቁመቱ የሚመሳሰለውን ገዝቼ ባልዲው ውስጥ ተከልኩ። በቪዲዮ ደውላ «እስቲ አሳዪኝ» ስትለኝ ስልኩን አስጠጋሁላት።

«ከሳህብኝ» አለችው።

ከኤርፖርት ያመጣኋት ዕለት ነጠላዋን ሳታወልቅ በረንዳ ወጣች። ቅጠሉን በጣቶቿ አሸት አሸት አድርጋ አሸተተችው።

«ይሄ አያውቀኝም» አለች።

እግሯ ላይ መውደቅ ነበር የቀረኝ። ሁሉንም ነገርኳት። እሷ ግን መሳቅ ጀመረች።

«አባትሽ የተከለውማ ሙት ዓመቱ ሳይደርስ ደረቀ። ይሄ አራተኛው ነው።»

«ታዲያ የእሱ እስትንፋስ አለበት የምትይኝስ?»

«አለበት እንጂ። አባትሽ አንድም ቀን እንዴት አደርሽ ሳይለኝ ከቤት ወጥቶ አያውቅም። እሱ የሰጠኝን ነው እኔ ለእነሱ የምሰጠው። አንቺ ውሃውን ቀንሺና አናግሪው።»

ስንት ዓመት ሙሉ እናቴን «እንዴት አደርሽ» ሳልላት በሩን ዘግቼ እንደወጣሁ ያን ቀን ነው ያሰብኩት። አሁን ጠዋት ጠዋት የሚወስደኝ የክሊኒኩ መኪና ታች ሆኖ ጥሩንባውን ቢነፋም አልሮጥም። መጀመሪያ ለእሷ «እንዴት አደርሽ»፣ ቀጥሎ ለባልዲው «እንዴት አደርክ» እላለሁ።