ነጭ ቀለም የቀባናቸው ላሞች

ሰሞኑን እዚህ ነገሌ ጎረቤቴ የግቢውን በር ዘይት ቀለም ሲያስቀባ ሽታው በመስኮት ገባና፣ የያዝኩትን ጥዬ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ አቀርቅሬ ቀረሁ።

ያደግኩት ከከተማው ወጣ ባለች መንደር ነው፤ እናቴ አስተማሪ፣ አባቴ የክሊኒክ ድሬሰር። ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ባለው አለት ላይ፣ በየትኛው ዘመን ማን እንደሠራቸው የማይታወቅ፣ ቀንዳቸው የረዘመ፣ ግታቸው የወጠረ ላሞች ተቀርጸው ነበር። እያንዳንዳችን የየራሳችን ላም ነበረችን፤ የእኔዋ አንድ እግር ስለሚጎድላት ልጆቹ «አንካሳዋ» እያሉ ያበሽቁኝ ነበር። ዓይናችንን ጨፍነን ጣታችንን በፍልፍሉ እያስኬድን ከቀንድ እስከ ጭራ እናውቃቸው ነበር።

ታዲያ ለቤት መሠረት ድንጋይ የሚፈልጡ ሰዎች ወደ አለቱ እየተጠጉ ሲመጡ እናቴ እንቅልፍ አጣች። ብታመለክት አንድ ሹም መጥቶ፣ «መምህርት፣ ይሄ እኮ በደንብ አይታይም፤ ምን ብዬ ቅርስ ነው ልበል?» ብሏት ሄደ። አይ እናቴ! ለክፍሉ መስኮት ከተቀባው የተረፈውን ነጭ ዘይት ቀለም አውጥታ፣ ብሩሽ አስይዛ አሰለፈችን። ምላሳችንን አውጥተን፣ ተጠንቅቀን ቀባን። እኔማ ለአንካሳዋ እግር ጨመርኩላት፤ አቤት ኩራቴ!

በኋላ የቅርስ ባለሙያ መጡ። ላሞቹን እንዳዩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ማን እንደቀባ ሲጠይቁ እናቴ «እኔና ልጆቼ ነን» ብላ ወደፊት ወጣች። ጨዋ ሰው ነበሩ፤ በተማሪዎቿ ፊት ሊያሳፍሯት አልፈለጉም፣ «በርቱ» ብቻ አሏት። መኪናቸው ጋ ሲደርሱ ግን ቀለሙ ሲላጥ የድንጋዩን ገጽ ይዞ እንደሚነሳ፣ ቢፋቅም ያው እንደሆነ ለአባቴ ነገሩት፤ እኔም አጠገቡ ቆሜ ሰማሁ። አባቴ ክፉ ወሬ ከበሽተኛ መደበቅ የለመደ ሰው ነውና «እንዳትነግሪያት» አለኝ። እሱ እስኪሞት ለሁለት ይዘነው ኖርን።

ዛሬ አለቱ ታጥሯል፣ ድንጋይ ፈላጭ አይደርስበትም። ባለፈው ልጄን ወስጄ እጇን አለቱ ላይ ባስኬደው፣ ከተላጠ ሸካራ ድንጋይ በቀር ምንም የለም። «እማ፣ የታለች ላምሽ?» ስትለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እናቴ ጉልበቷ ከደከመ ወዲህ ወደዚያ አትሄድም። በእኛ አገር ሰላምታ ከሰው ቀጥሎ የሚጠየቀው ከብት ነው፤ ድርቅ ፈጅቷቸው እንኳ መልሱ «ናጋ» ነው፣ ሰላም። እሷም በሄድኩ ቁጥር ከልጅ ልጇ ቀጥላ የአለቱን ላሞች ትጠይቀኛለች፤ «ሎን ናጋ?» ከብቱ ሰላም ነው?

ፊቷን ማየት እያቃተኝ «ናጋ፣ እማዬ» እላታለሁ።

«ተመስገን» ትላለች፣ «ያኔ ባንቀባቸው ኖሮ ይሄኔ ጠፍተው ነበር።»