እንዳይረግፍ

ውባንች ሱዳን ድንበር አጠገብ ባለችው ኮኪት ከተማ አማርኛ ታስተምራለች፤ እኔ ሒሳብ። የሚለየን አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው። ስለዚህ ትምህርቷን ከተማሪዎቿ እኩል ሰምቼዋለሁ፤ ፈተና ብቀመጥ አላፍርም። ዛሬ ጠመኔ የምትይዘው በግራ እጇ ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ።

በዚህ ቆላ ተማሪን «ያጋጠመህን ጻፍ» ማለት ጣጣ ነው። ልጁ ሁሉ ተኩስ ሰምቶ ክላሽ ይሁን መትረየስ ይለያል። የታገተ አጎት፣ የተቃጠለ መኪና፣ መንገድ ዳር የቀረ ሬሳ የማያውቅ የለም። ጻፉ ሲባሉ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ይጽፋሉ፤ «ምድር ተናወጠች፣ ደም እንደ ጎርፍ ፈሰሰ።» ውባንች ይህን ስታነብ ደሟ ይፈላል።

«ጎርፍ አላየህም፣ አትዋሽ!» ትላለች። «በዚያች ደቂቃ እጅህ ላይ ምን ነበር? እሱን ብቻ ጻፍልኝ።»

ጥያቄውን ከመጽሐፍ አላገኘችውም። አንድ ጊዜ ከሽንፋ ወደ ገንዳ ውሃ ስትመጣ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ላይ ተኩስ ተከፈተ። አጠገቧ የተቀመጠች ነፍሰ ጡር ጭንቅላቷን ተመትታ ውባንች ጭን ላይ ተደፋች። ውባንች ስለ ተኳሾቹ የምታስታውሰው ነገር የለም። የምታስታውሰው ብርቱካን ልጣ ግማሹን ለሴትዮዋ ልትሰጥ እጇን ዘርግታ እንደነበር ነው። ሬሳው ሲወርድም ብርቱካኑ እጇ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብርቱካን አትበላም። እኔ ደግሞ ይህን ሳላውቅ ስትታመም አንድ ኪሎ ይዤላት ሄጄ ጉድ ሆኛለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ለሠራተኞች የሚሰጥ ትምህርት አለ። ቢሆነኝ የሚባል የትራክተር ሹፌር መንጃ ፈቃዱን ለማሳደግ የክፍል ደረጃ ጎድሎት እዚያ ይማር ነበር። ጢሙን አይላጭም። ለምን እንደማይላጭ ኮኪት ሁሉ ያውቃል። በሰሊጥ አጨዳ ወራት ታናሽ ወንድሙን ዋሴን፣ ለይኩን የሚባል ጎረቤታቸው ገደለው። የጠቡ መነሻ የለይኩን ከብቶች የነዋሴን ሰሊጥ መብላታቸው ነው። ገዳዩ ድንበር ተሻግሮ ሱዳን ገባ። በለቅሶው ላይ አልቃሿ እንዲህ ብላ አወረደች፦

ሲወድቅ ተናገረ ወንድሙን ተጣርቶ፤
ደሜን እንዳትተወው መሬት ላይ ተደፍቶ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዋሴ ሲሞት «ደሜን!» ብሏል ተባለ፤ አብሮት የነበረው ቢሆነኝም አላለም ብሎ አላስተባበለም። እናታቸው እትዬ አይናዲስ ያንን ቃል ይዘው ከል ለብሰው ተቀመጡ። ሽማግሌዎች ደሙን እናድርቅ ብለው ቢመላለሱ «ሟቹ የተናዘዘውን እኔ ልሻረው?» ብለው መለሷቸው። ቢሆነኝም ጠመንጃውን በር ላይ ለዘበኛው እያስረከበ ይማር ጀመር።

የካቲት ላይ ለይኩን ሽንፋ ዘመዶቹ ዘንድ መግባቱ ተሰማ። ቢሆነኝ እሁድ ወርዶ ሊገድለው እንደቆረጠ ያልሰማ አልነበረም። ቅዳሜ ግን ክፍል ገባ፤ የጻፈውንም ቆሞ አነበበ።

«እኔ የዋሴ ወንድም፣ የማልተኛው ነብር! ለይኩንን ሳልጥለው ቤቴም አልገባ!»

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። እውነቴን ነው፣ በቆርቆሮው ማዶ እኔንም ወኔ ወረረኝ።

«ቁጭ በል» አለችው ውባንች። «ይህ ፉከራ ነው፤ ያዘዝሁህ ፉከራ አይደለም። ዋሴ ሲመታ እጅህ ላይ ምን ነበር?»

«ቲቸር፣ ይተዉኝ።»

«እጅህ ላይ ምን ነበር?»

ወንበሩን አንስቶ ግድግዳው ላይ ፈጠፈጠው። ቆርቆሮው በእኔ በኩል አበጠ፤ ተማሪዎቼ ዴስክ ሥር ገቡ። ሮጬ ስደርስ ቢሆነኝ የተሰበረውን የወንበር እግር ጨብጦ አናቷ ላይ አንስቷል። ዓይኑ ደም ለብሷል። ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። በቃ፣ ሞተች ብዬ ነበር።

«ነዶ» አለ። «የዋሴ ነዶ።»

እንጨቱን ጣለና መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ተናገረ። የደረቀ ሰሊጥ አፉን ይከፍታል፤ ነዶው ትንሽ ካዘነበለ ፍሬው ሜዳ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ሰው እንደ ሕፃን ቀጥ አድርጎ አቅፎ ሸራው ድረስ ይወስደውና እዚያ ገልብጦ ያራግፈዋል። ዋሴ እንደዚያ አቅፎ ሲመጣ ለይኩን ከማሽላው ውስጥ ብቅ ብሎ ሆዱን መታው። ጥይቱ በጀርባው ሲወጣ ሸሚዙን ቀደደው። ደገመው። ዋሴ በጉልበቱ ወረደ። አንጀቱ ከነዶው ሥር እየተጎተተ፣ ነዶውን ግን አላዘነበለም።

«‹ያዝልኝ፣ እንዳይረግፍ› አለኝ» አለ ቢሆነኝ። «ተቀበልሁት። እሱን ደግፌ መያዝ ሲገባኝ ነዶውን ይዤ ሄድሁ፣ ቲቸር። ሸራው ላይ አቁሜ ዞር ስል በፊቱ ተደፍቷል። ደሜን አላለም። ሌላ ምንም አላለም።»

ማንም አላጨበጨበም። እኔ እንኳ በተማሪ ፊት አልቅሼ አላውቅም፣ ያን ቀን ግን አለቀስሁ።

«እሱን ጻፍ» አለችው ውባንች።

እሁድ ሽንፋ አልወረደም። በዚያ ፈንታ እውነቱን ለእናቱ ነገራቸው። ሰኞ ጠዋት እትዬ አይናዲስ ሽመል ይዘው ትምህርት ቤት ደረሱ፤ ቢሆነኝ ከኋላ ከኋላ ይለምናል። ውባንች የተማሪዎቿን ወረቀት እንዳቀፈች ግቢው መካከል አገኟት።

«ልጄን አልጫ ያደረግሽብኝ አንቺ ነሽ? የልጄን ደም በሰሊጥ ወሬ ልታስቀሪው?»

ትከሻዋን አሏት። ሁለተኛው ሲወርድ በቀኝ እጇ ተከላከለች፤ የጣቶቿ አጥንት ሲሰበር እኔ ደረጃው ላይ ሆኜ ሰማሁት። ወረቀቱ ተበተነ፤ ደሟ ላዩ ላይ ተንጠባጠበ። ልገላግል ብገባ ግንባሬን ቀመስሁ፤ ጠባሳው ይኸው። ቢሆነኝ በእናቱ ላይ እጁን አያነሳም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ውባንች ላይ ተጋረደ፤ ሽመሉ እሱ ላይ ደጋግሞ አረፈ።

ከሥሩ የሷ ድምፅ ወጣ።

«እትዬ አይናዲስ፣ የዋሴ መርዶ ሲመጣ እርስዎ እጅዎ ላይ ምን ነበር?»

አበደች አልሁ። አሁን ይጨርሷታል አልሁ። ሽመሉ ወደ ላይ እንደተነሳ ቀረ። እትዬ አይናዲስ በአንድ እጃቸው የነጠላቸውን ጫፍ ሳቡ፤ እዚያ ላይ የተቋጠረ ነገር ነበር። በጥርሳቸው ፈቱት። አንዲት ነጭ የሸሚዝ ቁልፍ መዳፋቸው ላይ ወደቀች።

«ልተክልለት መርፌ እየሻትሁ ነበር» አሉ። «ሲመለስ እተክልለታለሁ ብዬ።»

ድምፃቸው የሌላ ሰው ድምፅ ሆነ። ልጃቸውን ቀና ብለው ያዩት ከዚያ በኋላ ነው።

«እንዳይረግፍ ነው ያለህ?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ታዲያ፣ ረገፈ?»

«አልረገፈም።»

እትዬ አይናዲስ ሽመሉን ለልጃቸው አቀበሉ።

«ያዝልኝ» አሉት፤ ተንበርክከውም የውባንችን ጣቶች በነጠላቸው ማሰር ጀመሩ።