ድንቅቱ ሳታበላ የሸኘችው እንግዳ

ድንቅቱ በእጃጂ ከተማ መንገዱ ዳር ተቀምጣ፣ ለልጇ ሙሽራ አንገት የአበባ ጉንጉን ትጎነጉናለች። ጊዜው አሥራ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥር ነው። ምኞቷ አንድ ብቻ ነበር፤ አማቿ ከአምቦ ሲመጣ ጉልበቷን ሳይስም ደጇን እንዳያልፍ። በዚያው ቀን የውጭ አገር ሰዎች ጭምር የሚሽቀዳደሙበት የመኪና ውድድር በእጃጂ እንደሚያልፍ፣ ለዚህም ሲባል ሌላው መኪና ሁሉ አምቦ ላይ መታገዱን የነገራት አልነበረም።

ባንዲራ የተለጠፈበት መኪና ጥሩንባውን እየነፋ ብቅ ሲል፣ ሴቶቹ እልል ብለው መንገዱን በገመድ ዘጉት። ራሱን እስከ አገጩ በብረት ቆብ የሸፈነ ሰው ወረደ።

«ምነው ድንቄ፣ አማችሽ ድስት ደፍቶ መጣ?» አለች ጎረቤቷ ሽታዬ።

«አፍሮ ነው፤ ተይው!»

ሰውየው የእጅ ሰዓቱን እየጠቆመ ተንጨረጨረ።

«ሙሽራ ደግሞ ይቸኩላል እንዴ? ይልቅ ጉልበት ሳም!» አለችና ጉንጉኑን አጠለቀችለት፤ ትከሻውን ይዛም አንበረከከችው።

ሰውየው ግራ ቢገባው ድስቱን አወለቀ። ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቷል።

«ያ ዋቅ! አምላኬ፣ ፈረንጅ ነው እኮ!» ብላ ሽታዬ ገመዱን ለቀቀችው።

ፈረንጁ ሴቶቹን አየ፣ ጉንጉኑን አየ፤ ሳቁ መጣ። የድንቅቱን ጉልበት ሳም አድርጎ፣ ጉንጉኑን እንዳጠለቀ በረረ።

እውነተኛው ሙሽራ ሊመሻሽ ሲል ደርሶ እሱም ሳመ። ድንቅቱን ግን እስከ ዛሬ የሚቆጫት ሌላ ነው፤ ጉልበቷን የሳመ ሰው ከሰርግ ቤት ደጃፍ ጦሙን መሄዱ። አንባቢዬ፣ የሙሽራ ጉንጉን አጥልቆ ውድድር የጨረሰ ፈረንጅ ካወቅህ፣ «ድንቅቱ ምሳህን ሳትበላ ነው የሄድከው፣ ተመለስ ትልሃለች» በልልኝ።