ሰማንያ ሁለት ዲግሪ

ይህ ታሪክ ቢነገር ለማን ይጠቅማል ብዬ ደጋግሜ አስቤያለሁ። ነገሩ የሻይ ብርጭቆ አፍ የምታህል አንዲት የነሐስ ዕቃ ናት፤ ለእሷ ብሎ ዓመታት ቂም የያዘ ሰው አለ ቢሉኝ እኔም እስቅ ነበር። ግን ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ በመጀመሪያው የፊዚክስ ቤተ ሙከራ መምህራችን ውኃ ሲያፈላ፣ የጋለ ብረትና የእንፋሎት ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ልቤ ወደ ቢቸና ሄደ።

አባቴ አሮጌ ላንድሮቨር ነበረው። ቀለሙ አረንጓዴ ይሁን ግራጫ ቤተሰቡ ተስማምቶ አያውቅም፤ የኋላ በሩ የሚዘጋው በገመድ ነው፤ ወንበሩ የነዳጅ፣ የበግና የእርጥብ ጆንያ ሽታ ነበረው፤ እኔ ግን ከዚያ የተሻለ ሽታ አላውቅም ነበር። በገበያ ቀን ማለዳ ከቢቸና ተነሥቶ በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ ሰው ያደርሳል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔም ከጎኑ ተቀምጬ የሙቀት መለኪያውን መርፌ እጠብቃለሁ። ከመሐል ስታልፍ «አባዬ፣ ወጣች» ማለት የእኔ ሥራ ነበር፤ እሱም ምስጋናውን በጥቅሻ ይከፍለኛል።

አንድ ቀን ዳገት ላይ ውኃው ፈልቶ ገነፈለ። ችግሩ ቴርሞስታቷ ነበረች። ይህች ዕቃ የሞተሩ ውኃ በቅጡ እስኪሞቅ መንገዱን ዘግታ ትቆይና፣ ሲሞቅ ተከፍታ እንዲበርድ ወደ ራዲያተሩ ታሳልፈዋለች። የእኛዋ መከፈት የምትጀምረው በሰማንያ ስምንት ዲግሪ ነበር፤ ቁጥሩ ጀርባዋ ላይ ተቀርጿል። አባቴ «ለእኛ አገር ይህ በዛ፣ ዝቅ ያለች እንፈልግ» አለ። ስመ ጥሩው መካኒክ ጋሽ ይበልጣል ግን ነቅሎ የቁርጥራጭ ብረት ክምር ላይ ወረወራት። በእኛ ዘንድ ልማዱ ይኸው ነው፤ መኪና ከፈላ ቴርሞስታቱ ይወጣል፣ ምትክ አይገባለትም። «ማነቆ ነበር፣ ወጣልህ። አሁን ይተንፍስ» አለው። እኔ ዕቃዋን አንሥቼ ኪሴ ከተትኋት።

ሞተሩም ተነፈሰ፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲያ ሞቆ አያውቅም። መርፌዋ ከታች ተኛች፣ እኔም ሥራ ፈታሁ። ጭሱ በዛ፣ ነዳጁን ይጠጣው ጀመር። የሞጣ መንገድ የማለዳ ብርድ ሲጠና አባቴ አሮጌ ጋቢውን አጥፎ ራዲያተሩ ፊት አሰረለት። ጋሽ ይበልጣል ይህን ባየ ቀን ሾፌሮች መሐል ቆሞ፣ «አያ ታደለ፣ ለሞተሩ ጋቢ ደረብህለት፤ ለጎማዎቹስ ካልሲ አልገዛህም?» አለ። ሁሉም ሣቁ። አባቴም አብሮ ሊስቅ ሞክሮ ነበር፤ ፊቱን ግን እኔ አይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ስሙ «ጋቢ አልባሹ» ሆነ። ሞጣ መናኸሪያ ስንደርስ ስሙ ቀድሞን ይጠብቀናል፤ ክፍል ውስጥም እኔ የጋቢ አልባሹ ልጅ ነበርሁ። በሦስተኛው ዓመት ሞተሩ በብርድ ተበልቶ ሲያልቅ መካኒኩ በሰው ፊት፣ «መኪናዋስ ደኅና ነበረች፤ የያዛት ሰው ነው» ብሎ ፈረደ። አባቴ ዳግመኛ መሪ አልጨበጠም።

እንግዲህ በዚያ ቤተ ሙከራ መምህራችን፣ ከፍ ባለ አገር ውኃ መቶ ዲግሪ ሳይደርስ እንደሚፈላ ሲያስረዳ፣ ቴርሞሜትሩም ዘጠና ሁለት ላይ ቆሞ አልንቀሳቀስ ሲል፣ እጄን አውጥቼ ሁለት ጊዜ አስደገምሁት። የክፍል ጓደኞቼ ለውጤት የምጨነቅ መሰላቸው። እኔ ግን የማስበው አሮጌዋ ዕቃ ጀርባ ላይ ያለውን ሰማንያ ስምንት ነበር፤ በዓይኔ የሚታየኝም የጋሽ ይበልጣል ፊት ነበር።

ለዕረፍት ስመለስ ባሕር ዳር ድረስ ሄጄ የሰማንያ ሁለት ዲግሪ ቴርሞስታት ገዛሁ፤ ቴርሞሜትርም ያዝሁ። የምናገረውንም በወረቀት ጽፌ አጠናሁ። ሾፌሮች በሚሰበሰቡበት ሰዓት የጋሽ ይበልጣል ጋራዥ ስገባ፣ የእኛ ሞተር ግቢው መሐል ተጋድሞ የሰው መቀመጫ ሆኖ አገኘሁት። የተቀመጡትን በትሕትና አስነሥቼ፣ የከሰል ምድጃቸውን ለምኜ፣ በራሱ በሞተሩ ላይ ድስት ጣድሁ። አዲሷንና ያኔ ኪሴ የከተትኋትን አሮጌዋን በክር አንጠልጥዬ ከቴርሞሜትሩ ጋር ውኃው ውስጥ ነከርኋቸውና፣ «ጋሼ፣ ቁጥሩን እርስዎ ያንብቡልን» አልሁት።

ያጠናሁት ንግግር ጠፋብኝ፤ አላስፈለገኝም። በሰማንያ ሁለት አዲሷ ከንፈሯን ከፈት አደረገች። በሰማንያ ስምንት አሮጌዋ ገና ፀጉር የምታሾልክ ያህል ተላቀቀች። ወዲያው ውኃው ተንተከተከ፤ አዲሷ ወለል ብላ ተከፍታለች፣ አሮጌዋ ግን ከዚያች ስንጥቅ ብዙም አላለፈችም። አንድ ሸበቶ ሾፌር ድስቱ ላይ አጎንብሶ ቆየና፣ «ይበልጣል፣ የስንታችንን ሞተር ነው ብርድ ያስመታኸው?» አለ። ሣቁ። ያንኑ ሣቅ አወቅሁት፤ በዚህ ጊዜ ግን የሄደው ወደ ሌላ ሰው ነበር።

ጋሽ ይበልጣል እጁን በጨርቅ ሲጠርግ፣ ሲጠርግ ቆየ። «አባትሽ ነግሮኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። ድምፁን ዝቅ ስላደረገ፣ «አልሰማንም፣ ጋሼ» አልሁት፤ በሁሉም ፊት ደገመው። ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ እኔም ይቅር አላልሁትም። ጣዕሙ እስካሁን ምላሴ ላይ አለ።

ቤት ገብቼ ለአባቴ ስነግረው አዲሷን ዕቃ መዳፉ ላይ አገላብጦ ቁጥሯን አነበበና፣ «ልኳ ይቺ ነበረች» አለ። ከዚያ በልማድ ቀና ብሎ በመስኮቱ ወደ ደጅ ተመለከተ፤ መኪናዋ ትቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ጎመን በቅሏል። ቴርሞስታቷን የሚያስገባበት አጥቶ መልሶ ሰጠኝ። መርፌ የምጠብቅበት ወንበርና ያ ጥቅሻ ብቻ በበቀል አልመለሱም።

ነገሩ እንዲህ ያበቃው ዘንድሮ፣ ቅዳሜ፣ የካቲት ሰባት ቀን ነው።